ፓሎማ ሳምባ ነጣቂውን የወጣች ቀን

በዓለም ላይ አሥር ቮልስ ብቻ ቀሩ ቢባል ዘጠኙ ኩዋውቴፔክ ናቸው፤ አሥረኛዋም ፍሪሲዮኗ ተቃጥሎ መንገድ ላይ ቆማ ነው እንጂ ወደዚያው እየመጣች ነው። ኩዋውቴፔክ የሜክሲኮ ከተማ ሰሜናዊ ጥግ ነው። ቤቶቹ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ቆመው ተራራውን ይወጣሉ፤ ዘመናዊ መኪና ዳገቱን ቀና ብሎ ያይና ይቅርታ ጠይቆ ይመለሳል። ስለዚህ እዚያ ታክሲ ማለት ቮልስ ነው። የፊተኛው የተሳፋሪ ወንበር ተነቅሎ፣ አራት ሰው፣ አንድ ጆንያ በቆሎ፣ አንዳንዴም አንድ ፍየል ይዛ ሽቅብ ትንደቀደቃለች።

የእነዚህ ሁሉ ቮልሶች ሐኪም ጋውዴንሲዮ ነበር። ጋውዴንሲዮን መካኒክ ነው ብሎ ማለፍ ውቅያኖስን እርጥብ ነው ብሎ እንደ ማለፍ ነው። ጆሮው ብቻውን አንድ ጋራዥ ያህላል። እያንኮራፋ እንኳ በታችኛው መንገድ የምታልፈውን ቮልስ ይሰማና «ሦስተኛው ካንዴላ!» ብሎ ይገላበጣል። አንድ ጊዜ ጓቴማላ ድንበር ላይ የቆመ ሞተር በስልክ ፈቶ ገጥሟል ይባላል። የሚለውም ራሱ ጋውዴንሲዮ ነው።

ይህን ሰው ያሸነፈች አንዲት ክላክስ ብቻ ነበረች፤ የዶኛ ኩካ ክላክስ።

ኩካ በመስመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሹፌር ናት። ቮልሷ አረንጓዴና ነጭ፣ ስሟ ፓሎማ፤ ርግብ ማለት ነው። ይህች ርግብ በየሳምንቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት ላይ፣ ድምፅዋ ይጠፋል። ኩካ ጋራዡ በር ላይ ታቆማትና «ክላክሴ ደግሞ ሞተ» ትላለች። ጋውዴንሲዮ ሽቦውን ያስራል፣ ያወራል፣ ያስቃታል፣ ድጋሚ ያወራል። በሚቀጥለው ማክሰኞ ያው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት!

«የሞተ ሞተር የሚያስነሳ ሰውዬ አንዲት ሽቦ አቃተችው!» እያሉ ሹፌሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁበታል። እሱ ግን በክላክስ ጉዳይ ብቻ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ፣ ጉራ አይነዛም ነበር።

ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል፤ የኩካም ባል እንዲሁ። አሥራ ስድስት ጊዜ አግቢኝ ብሏት አሥራ ስድስት ጊዜ ስቃበታለች። አምና የፓሎማ ሞተር ነክሶ ቀጥ ሲልና ኩካ እያለቀሰች ሸራ ስታለብሳት፣ ማክሰኞዎቹም አብረው ሞቱ። ጋውዴንሲዮ ያን ዓመት አምስት ኪሎ ቀነሰ፤ በእሱ አቆጣጠር ሃያ አምስት። በጥር ወር ባርኔጣውን አውልቆ አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ስማ» አለችው ኩካ። «ባሌ የሞተ ቀን ከሆስፒታል ቤቴ ያደረሰችኝ ፓሎማ ናት። ልጆቼን ያሳደገችልኝ ፓሎማ ናት። አንተንም ያመጣችብኝ እሷው ናት፤ ስለዚህ እሷው ትፍረድ። ከቤቴ በር እስከ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን፣ በሳምባ ነጣቂው በኩል፣ አንድም ጊዜ ሳትቆም ካደረሰችኝ አገባሃለሁ። መንገድ ላይ ከቆመች ግን ቬሎዬን እንደለበስኩ ቁልቁል በእግሬ ነው የምመለሰው። አሥራ ስምንተኛ ጥያቄ የለም።»

ሳምባ ነጣቂው የሰፈሩ መጨረሻ ዳገት ነው። ከላይ የወደቀች ብርቱካን ከታች ስትደርስ ጭማቂ ሆና ነው።

«በሁለት ጣቴ አወጣታለሁ!» አለ ጋውዴንሲዮ። ባርኔጣውን ግን ገልብጦ ደፋው።

በዚያ ሰፈር ሠርግ የሁለት ሰው ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ቀለበቱ ወጪውን የሚችልለት የክርስትና አባት አለው፣ ኬኩ የክርስትና እናት አላት፣ ሙዚቃውም እንዲሁ። ይህ ሠርግ ደግሞ የተንጠለጠለው መኪናዋ ላይ ነውና እያንዳንዱ መለዋወጫ የክርስትና አባት ወጣለት። ሹፌሮቹ ተሰብስበው ፒስተንና የፒስተኑን ፋሻ ያዙ። ዳቦ ጋጋሪው ካርቡራተር ወሰደ። ቄሱ «እሳት የእኔ ዘርፍ ነው» ብለው አራቱን ካንዴላ ያዙ። ወጉ ጥብቅ ነው፤ ሰው ያመጣው ዕቃ አይመለስም። መመለስ ሕፃን ክርስትና ሊያነሳ የመጣን እንግዳ ከደጅ እንደ ማባረር ይቆጠራል። ከሠርጉ በፊት ባለው ሐሙስም ሁሉም ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ያመጣው ዕቃ ሲገጠም በዓይኑ ያያል፣ የመጨረሻዋን ብሎን በገዛ እጁ ያጠብቃል።

ጋውዴንሲዮ የመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ መረመረ። ፒስተኖቹን ፋርማሲው ሚዛን ላይ ወስዶ መዘነ፤ አራቱ መካከል የነበረው ልዩነት የአንድ ዝንብ ክንፍ ነው፣ እሷም የግራዋ። የቤንዚኑን የጎማ ቱቦ ጥፍሩን ሰክቶ አሸተተ፤ በብረትና በብረት መካከል የሚገባውን ጓርኒሲዮን አጥፎ ዘረጋ፣ አልተሰነጠቀም። አንዱም ከፋብሪካው የወጣ የድሮ ዕቃ አልነበረም፤ ሁሉም ሌላ ሰው የሠራው ምትክ ነው። ግን ምትክ ከምትክ ይለያልና እነዚህ ደህናዎቹ ነበሩ።

ረቡዕ ጠዋት ናቦር መጣ። ናቦር የኩካ ወንድም ነው፤ በጋራዡ በር የሚገባው በጎኑ ነው። በሁለት እጁ የወርቅ ቀለም የተቀባ፣ ቤተ መንግሥት የተሳለበት ካርቶን ታቅፏል።

«አበልጄ!» አለ እያለከለከ። «ፍሪሲዮኑ! ሦስት ቀን ሙሉ መሃል ከተማ መለዋወጫ ተራ ዞሬ ነው ያገኘሁት። ጀርመን ነው! ልክ ያንተ መደርደሪያ ላይ እንዳለው!»

ጋውዴንሲዮ ካርቶኑን ከፈተ። የፍሪሲዮኑ ዲስክ እንደ ብስኩት ይቀልላል። ዲስኩን ያለበሰው ሸራ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤ ሪቬቶቹ ሸራውን ይዘው ሳይሆን ለጌጥ ላዩ ላይ ተለጥፈው ነው። ስፕሪንጎቹን በትንሿ ጣቱ ገፋቸው፤ እሺ ጌታዬ ብለው ገቡ። ሜዳ ላይ ይህ ነገር ሁለት ሳምንት ይሄዳል። ሳምባ ነጣቂው ላይ ግን ዳገቱ ሳይጋመስ ጢስ ይሆናል። ከጢሱም ውስጥ ኩካ ቬሎዋን ሰብስባ ቁልቁል ስትወርድ በግልጽ ታየችው።

«እንዴት ነው?» አለ ናቦር፣ ፊቱ እንደ ፋኖስ በርቶ።

«ቃል የለኝም» አለ ጋውዴንሲዮ። ካርቶኑን ቀስ ብሎ ከደነው።

ችግሩ ወጉ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ዘዴ ይፈጠር ነበር። ችግሩ መደርደሪያው ላይ ያለው ባዶ የወርቅ ካርቶን ነው። ጋውዴንሲዮ ሃያ ዓመት ሙሉ «ዕቃህ ከየት ነው?» ሲባል «ከጀርመን፣ በመርከብ!» ሲል ኖሯል። ማዕበሉን ሳይቀር ይተርክ ነበር። ዕቃው ግን የሚመጣው ከቴክስኮኮ ነው፤ በአውቶቡስ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ከዶን ሜሊቶን። ዶን ሜሊቶን ባለ ገለባ ባርኔጣ ሽማግሌ ነው፤ ቁመቱ ከቮልስ ጎማ ትንሽ ከፍ ይላል። የድሮ ዲስክ ያጥባል፣ ያቀናል፣ አዲስ ሸራ በመዳብ ሪቬት አንድ በአንድ ይመታል። ከእሱ እጅ የወጣ ፍሪሲዮን ከመኪናው ዕድሜ ይበልጣል፤ ከሹፌሩም። ነገር ግን ጋውዴንሲዮ ጋራዥ የከፈተ ሰሞን የመጀመሪያው ደንበኛ ጋዜጣውን አይቶ ፊቱን ጨማደደ። ጋውዴንሲዮም ያኔ የሆነ ቦታ ያገኘውን ባዶ ካርቶን መደርደሪያ ላይ ሰቀለ። ናቦር ሦስት ቀን የዞረው ያችን ካርቶን ፍለጋ ነው።

ያንኑ ቀን ጋውዴንሲዮ አውቶቡስ ተሳፍሮ ቴክስኮኮ ወረደ።

«ለማን ነው?» አለ ዶን ሜሊቶን መዶሻውን ሳያስቀምጥ።

«ለሙሽራዬ።»

ሽማግሌው አንድ ዲስክ አንስቶ በጣቱ መታው፤ እንደ ደወል ጮኸ። መልሶ አስቀመጠውና ሌላ አነሳ። ይኼኛው እንደ ካቴድራል ደወል ጮኸ። «ይሄን ውሰድ» አለ። «እኔም ሠርግ ተጠርቼ አላውቅም፤ ሃያ ዓመት ዕቃ ትወስዳለህ፣ አንድ ቀን እንኳ እዚያ ሰፈር ስሜን አንስተኸኛል?»

ጋውዴንሲዮ ዲስኩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ታቀፈ። እስከ ቤቱ ድረስ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ ያለ አንዲት ጉራ ተጓዘ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ጢም አለ። አርባ ሰው ነበር፤ እንደ ጋውዴንሲዮ አቆጣጠር አራት መቶ። ቄሱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ካንዴላቸውን አጠበቁ። ዳቦ ጋጋሪው ካርቡራተሩን በዱቄት እጁ አጥብቆ አማተበ። ኩካ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ታያለች። የፍሪሲዮኑ ተራ ሲደርስ ናቦር ሱሪውን ሽቅብ ስቦ ወደ ፊት ወጣ።

ጋውዴንሲዮ የወርቅ ካርቶኑን በአንድ እጁ፣ የጋዜጣ ጥቅሉን በሌላው ይዞ ቆመ።

«ይሄን አልገጥምም» አለ።

ናቦር የሳበውን ሱሪ ለቀቀው።

«ምን አልክ?» አለ ናቦር።

«አልገጥምም። ፌክ ነው፣ አበልጄ።»

«የእኔን ዕቃ? በእህቴ ፊት?» ናቦር ፊቱ ቀይ በርበሬ ሆነ። «ያንተ ራሱ እዚያ መደርደሪያ ላይ አይደለም እንዴ? አንድ ዓይነት ካርቶን ነው!»

«የእኔ ባዶ ነው።»

«እንዴት ባዶ?»

«ባዶ ነዋ! ሃያ ዓመት ባዶ ነው። ጀርመን የሚባል ነገር የለም። መርከብም የለም። ማዕበሉም የለም።»

«ማዕበሉም?» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ከልቡ አዝኖ።

«ዕቃው ሁሉ ከቴክስኮኮ ነው። ዶን ሜሊቶን የሚባል ሰው ነው የሚሠራው፤ ከእኔ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ሰው። ናቦርን ያሳሳተው ሻጩ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ካርቶን እንጂ ዕቃ ማየት አላስተማርኳችሁም።»

ናቦር አላመነም። ማንም አላመነም። ሰው ጉራ ሲነዛ ሃያ ዓመት ያመኑ ሰዎች እውነት ሲናገር ማስረጃ ጠየቁ። ስለዚህ ጋውዴንሲዮ ሁለቱን ዲስኮች ይዞ በሩ ላይ በቂጣ የተጠቀለለ ሥጋ፣ ታኮ፣ ወደምትሸጠው ወደ ዶኛ ቻዮ ሄደ፤ ሥጋውን ገፋ አደረገና ሁለቱንም የጋለው ብረት ላይ አስቀመጣቸው።

«ኧረ ሥጋዬን! አንተ ዕብድ!» ጮኸች ቻዮ።

«ዳገቱ ላይ ከዚህ የባሰ ይሞቃል። እዩ።»

አርባ ራስ ብረቱ ላይ ተደፋ። የሜሊቶን ዲስክ እንደ ኤጲስ ቆጶስ ኮርቶ ተቀመጠ። የወርቁ ካርቶን ልጅ ግን መጀመሪያ አላበው፣ ከዚያ ሸተተ፣ ከዚያ ሸራው ከጫፍ ተነስቶ እንደ ቶርቲያ ቂጣ ተጠቀለለ። ሪቬቶቹ አንድ በአንድ እየዘለሉ አንዷ ሳልሳው ውስጥ ገባች።

«ሽንኩርት ልጨምርበት?» አለች ቻዮ።

የመጀመሪያው ሳቅ የናቦር ነበር። ሲስቅ ጋራዡ ይነቃነቃል። «አበልጄ» አለ ዓይኑን እየጠረገ፣ «እህቴን በዚህ ልሰዳት ነበር? አሁን እኔ የምኑ ክርስትና አባት ልሁን?»

«የዚህ። ስጦታው ያንተ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ቴክስኮኮ ወርደህ ሽማግሌውን ራስህ አመስግነው።» የሜሊቶንን ዲስክ በጋዜጣው ይዞ አስጨበጠው። ናቦርም የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቀ፤ ብሎኗ እስካሁን ትቃስታለች።

ኩካ ግን አልሳቀችም። ከሳጥኑ ላይ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች።

«እንግዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዋሽተኸኛል» አለች። «ሌላስ? ሌላ ጀርመን አለህ?»

«ኩካ፣ እኔ...»

«መኪናዋ ትምጣ። የቀረውን እዚያ።» ወጥታ ሄደች።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጋውዴንሲዮ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሟል፤ ሱፉ ጠቦታል፣ ፀጉሩ እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል። አደባባዩ በሰው ተጨናንቋል፣ የሠርጉ ወጥ፣ ሞሌው፣ በትልቁ ድስት ይንተከተካል፣ ሙዚቀኞቹ መለከታቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። እሱ ግን ጆሮ ብቻ ነበር።

«ተነሳች!» አለ። ሌላ ሰው ምንም አልሰማም። «ቾኩን ስባዋለች... አሁን መለሰችው... ሁለተኛ ማርሽ... ዳቦ ቤቱን አለፈች።»

«እንዴት አወቅህ?» አሉ ቄሱ።

«ድምፅዋ ግድግዳው ላይ ሲመለስ ዳቦ ዳቦ ይላል። ዝም በሉ አባቴ! ምን ያህል ሰው ጭናለች? ከብዳለች። ናቦር ከኋላ ነው። ሌላም ሰው አለ፣ ትንሽ ሰው። ኬኩም አለ።»

ድምፁ ከሳምባ ነጣቂው ሥር ደረሰ። የቮልስ ሞተር ዳገት ላይ ሲገባ የሚያሰማው ያ ትክትክታ ሽቅብ መጣ፤ ወፍራም፣ እኩል፣ የማይቸኩል። ጋውዴንሲዮ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዞረ። የተቃጠለ ሸራ አይሸትም። ሞሌ ብቻ ነው የሚሸተው። ትክትክታው ወደ መጨረሻው መታጠፊያ ደረሰ፤ እዚያ ጠፋ።

አንድ ሰከንድ። በዚያች ሰከንድ ውስጥ ጋውዴንሲዮ አርጅቶ ተቀበረ፣ ሙት ዓመቱም ወጣለት። ሁለት። ሙዚቀኞቹ መለከታቸውን ዝቅ አደረጉ። ሦስት። ከዚያ፣ ከመታጠፊያው ማዶ፣ አንደኛ ማርሽ፣ ቁልፍ ደህና መቆለፊያ ውስጥ እንደሚገባ፣ ሲገባ ተሰማና ጎማዋ ሳይቆም የፓሎማ ሞተር ጮኸ። አረንጓዴ ግንባሯ ብቅ አለ፤ ነጭ ሪባኗ እየተውለበለበ፣ ኩካ ከመሪው ኋላ ቬሎዋን ወደ ላይ ገልብጣ፣ ኋላ ናቦር እንደ ፍራሽ ተጠቅጥቆ፣ በሱና በመስኮቱ መካከል ደግሞ አንዲት የገለባ ባርኔጣ።

«ጀርመኑ መጣ!» ብሎ ዳቦ ጋጋሪው ጮኸ። አደባባዩ በሙሉ ተቀበለው። «ጀርመኑ! ጀርመኑ!» ዶን ሜሊቶን በመስኮት እጁን እንደ ፕሬዚዳንት አወዛወዘ።

ጋውዴንሲዮ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ፊት ተራመደ። ፓሎማ አጠገቡ ደረሰች፤ አለፈችው። አልቆመችም። አደባባዩን ዞረች።

«ፍሬኑ!» ብሎ ከኋላዋ ሮጠ። «ፍሬኑን እኔ ነኝ የሠራሁት!» በሁለተኛው ዙር በመስኮቱ በኩል ከጎኗ እየሮጠ ደረሰባት። «ኩካ! ለምን አትቆሚም?»

«ፍሬኔ ደህና ነው። ሌላ ጀርመን አለህ ብዬ ጠይቄህ ነበር፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው።»

«ሃምሳ ስምንት ዓመቴ አይደለም!» አለ እያለከለከ። «ስድሳ አንድ ነው!»

«ቀጥል» አለች ማርሽ እየቀየረች።

«ፀጉሬ ቀለም ነው!»

«አንገትህ ላይ እየፈሰሰ ነው፤ አያለሁ። ሌላ?»

ሦስተኛው ዙር ላይ ትንፋሹ አለቀ፤ ሱፉ ከብብቱ ሥር ተተረተረ። ሕዝቡ ዙሩን እየቆጠረ ያጨበጭባል።

«ክላክሱ!» ብሎ ጮኸ። «በየማክሰኞው ሽቦውን ሳስረው አንዷን ጫፍ ሆን ብዬ አላላት ነበር! እንድትመለሺ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት!»

ፓሎማ ቀጥ አለች። ልክ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ደረጃው ሥር፣ መሬት ላይ የተተከለች ያህል። ኩካ መስኮቱ ላይ ክንዷን አስደግፋ አየችው፤ ከንፈሯ ጥግ ላይ ያቺ የማክሰኞዋ ሳቅ ነበረች።

«አንተ ሰውዬ» አለች በቀስታ፣ «እጅህ መጥፎ ሥራ አያውቅበትም። አላልቼ አሰርኩ ያልከው ቋጠሮ አንድም ሳምንት ተፈትቶ አያውቅም። ሰኞ ሰኞ እኔ ነኝ በጥርሴ እየነቀልኩ የማመጣልህ። ይሄ የፊት ጥርሴ የተሸረፈው በምን ይመስልሃል?»

ጋውዴንሲዮ አፉን ከፈተ። በኩዋውቴፔክ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልወጣውም።

ኩካ መዳፏን መሪው መሃል ላይ ጫነች። ክላክሱ ጮኸ፤ ከፍተኛ፣ ንጹሕ፣ ሳይቆራረጥ፤ ከተማው መሃል ድረስ ርግቦች ተነሱ፣ ሙዚቀኞቹም ተከትለው ፈነዱ። እሱ በሩን ከፈተላት፣ እሷ ቬሎዋን አወረደች፣ እጇንም ሰጠችው።

«እናንተ ሰዎች» አለ ከኋላ ወንበር የናቦር ድምፅ፣ «መተቃቀፉ ካለቀ አውርዱኝ። እኔና ጀርመኑ ኬኩ ላይ ነው የተቀመጥነው።»